በገጻችሁ የሚሠራውን የሰው ኮድ ዛሬ ቁጠሩ

ድረ ገጽ የምትሠሩ፣ የምታሠሩና የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። አንድ ሰው ገጻችሁን ሲከፍት ብሮውዘሩ የሚያስኬደው እናንተ የጻፋችሁትን ኮድ ብቻ አይደለም። ጎብኚ ለመቁጠር፣ ማስታወቂያ ለማሳየት ወይም ከደንበኛ ጋር ለመጻጻፍ ከሌላ ድርጅት ሰርቨር የምትጠሩት ስክሪፕትም አብሮ ይሠራል። ያም ስክሪፕት የእናንተ ኮድ ያለውን ሥልጣን ይዞ ይገባል፤ በቅጹ ላይ የሚጻፈውን የይለፍ ቃልና የካርድ ቁጥር ማንበብ፣ ተጠቃሚውንም ወደ ሌላ ገጽ መውሰድ ይችላል። ተጠቃሚው ያመነው እናንተን ነው፤ የስክሪፕቱን ባለቤት ስሙን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ተጠቃሚውን የመጠበቁ ኃላፊነት የእናንተ ነው።

«የምንጠቀመው የታወቀ ድርጅት ስክሪፕት ነው» የሚል መልስ ይሰማል። ፖሊፊልም የታወቀ ነበር። አሮጌ ብሮውዘሮች አዲስ ጃቫስክሪፕት እንዲረዱ የሚያግዘው ይህ አገልግሎት ዶሜይኑ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ወደ አንድ የቻይና ድርጅት ሲዛወር፣ ፈጣሪው አንድሩ ቤትስ ስክሪፕቱን ከገጻችሁ አውጡ ብሎ አስጠነቀቀ። ብዙዎች አላወጡትም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሳንሴክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት፣ ከዶሜይኑ የሚመጣው ኮድ በስልክ የሚገቡ ጎብኚዎችን ወደ ውርርድ ገጽ እየወሰደ መሆኑን አጋለጠ፤ ስክሪፕቱን የሚጠሩት ድረ ገጾች ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የድረ ገጽ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ብራውዝአላውድ የተባለ አገልግሎት ተጠልፎ፣ ከ4 ሺህ በላይ ድረ ገጾች በጎብኚዎቻቸው ኮምፒዩተር ለሌላ ሰው ክሪፕቶ ገንዘብ ሲያመርቱ ተገኙ። ከእነዚህ አንዱ የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ነበር። «ትንሽ ነን፣ ማን ያጠቃናል?» ለሚሉም መልሱ እዚሁ ነው፤ አጥቂው ገጾቹን አንድ በአንድ አልመረጠም፣ ምንጩን በከለ፤ ከምንጩ የቀዳ ሁሉ ተነካ።

መድኃኒቱ አለ፣ ውድም አይደለም። ኢንተግሪቲ በሚባለው የኤችቲኤምኤል ምልክት የፋይሉን ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላውን መለያ፣ ብትጽፉ፣ ፋይሉ በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለወጥ ብሮውዘሩ አያስኬደውም። እርግጥ ነው፣ ይህ ይዘቱ በየጊዜው ለሚቀያየር ስክሪፕት አይሆንም፤ ፖሊፊል ራሱ ለእያንዳንዱ ብሮውዘር የተለየ ፋይል ስለሚልክ በዚህ ሊጠበቅ አይችልም ነበር። ይህ ግን ዝም ብሎ የማመን ምክንያት አይሆንም፤ ሊረጋገጥ የማይችል ኮድ ከካርድና ከይለፍ ቃል መራቅ እንዳለበት ነው የሚያሳየን። ሌላው መድኃኒት ፋይሉን በራስ ሰርቨር ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ብናደርግ ማሻሻያ ያመልጠናል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ማሻሻያውን አይቶና ፈትሾ ማስገባት፣ ሳያዩ ከመቀበል ይሻላል።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በዚህ ሳምንት ይህን አድርጉ። በገጻችሁ ላይ ከውጭ የሚጠራውን ስክሪፕት ሁሉ ጻፉ፤ በእያንዳንዱም አጠገብ ለምን እንዳስፈለገና ኃላፊነቱን ማን እንደወሰደ መዝግቡ። ምክንያት ያጣችሁለትን ዛሬውኑ አውጡ። የማይቀያየረውን ወደ ራሳችሁ ሰርቨር አምጡ፣ ካልሆነም ሃሽ ጻፉለት። ከክፍያና ከመግቢያ ገጽ ላይ ማስታወቂያንና ቆጣሪን አንሡ። ድረ ገጽ የምታሠሩ ድርጅቶችም ይህን ዝርዝር ከባለሙያው ሳትቀበሉ ሥራውን አትረከቡ። ካርዱን አውጥቶ ቁጥሩን የሚጽፈው ሰው ይህን ሁሉ ራሱ መመርመር አይችልም፤ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።