ከቦሌ ጅዳ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከቀየት ቦሌስ?

ከአዲስ አበባ ጅዳ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከጃካርታ የሚነሱ ሑጃጆች ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ከ9 ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆይተው ነው ጅዳ የሚያርፉት። አያቶቻችን ምጽዋ ወርደው ቀይ ባሕርን በጀልባ ይሻገሩ እንደነበር ስናስታውስ፣ የዛሬው ቅርበት ትልቅ ኒዕማ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ይሁንና የበረራው ማጠር የራሱ ጣጣ አለው። በደቡብ በኩል ለሚመጣ ሰው ሚቃቱ የለምለም ነው። አውሮፕላኑ የለምለምን ትይዩ የሚያልፈው ለማረፍ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። ያኔ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል፤ ቀበቶ እሰሩ ተብሏል፤ ተነስቶ ልብስ መቀየር አይታሰብም። የጃካርታው ሑጃጅ በመንገዱ ለመዘጋጀት ሰፊ ጊዜ አለው፤ የኛው ግን ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ ሚቃቱ ያልፈዋል። በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በአየር የሚጓዝም ሰው ሚቃቱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ሳይነይት ያለፈ ሰው፣ ወደ ሚቃቱ ካልተመለሰ፣ በአብዛኞቹ ፉቀሃእ ዘንድ ደም አለበት፤ ሐረም ውስጥ በግ ወይም ፍየል ያርዳል። (በረራው በቀጥታ መዲና ከሆነ ችግሩ የለም፤ ኢሕራሙ ከዙልሑለይፋ ነው። ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን እንተወው።)

አሁን ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከቀየት የሚነሱ አንድ አባት እናስብ። ደብረ ብርሃን ደርሰው ገና 130 ኪሎ ሜትር ይቀራቸዋል። በሰላሙ ጊዜ ይህ የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ግጭት ወዲህ ግን በአማራ ክልል መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። አባታችን በበረራው ዋዜማ፣ ማታ አዲስ አበባ ቢደርሱ ገለጻው አምልጧቸዋል። የኢሕራም ጨርቃቸው በትልቁ ሻንጣ ተጠቅልሎ ከአውሮፕላኑ ሆድ ገብቷል። የጠፋባቸው ጥቂት ሰዓት መሬት ላይ ነው፤ ዕዳው የሚጠብቃቸው ግን መካ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከብት እየሸጡ ላጠራቀሙ ሰው ደግሞ የአንድ በግ ዋጋ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የጉዞ ሰሌዳ ሲወጣ ሰዓቱ ከቦሌ ሳይሆን ከሑጃጁ ደጃፍ ቢቆጠር እንላለን። ደጋው ላይ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ለጥቂት ሰው ተብሎ ሰሌዳ አይቀየርም የሚል ሊኖር ይችላል። ጥቂት መሆናቸው ግን ነገሩን ያቀልለዋል፤ ገለጻው ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ላይ ከሳምንታት በፊት ቢሰጥ የሚጠይቀው አንድ ኡስታዝና አንድ መስጂድ ነው።

እስከዚያው ዘንድሮ ለምትሄዱ ወንድሞች፦ ጨርቁን በእጅ ቦርሳ ያዙት። ገላችሁን አዲስ አበባ ታጥባችሁ፣ ለብሳችሁት ተሳፈሩ። ኒያውንና ተልቢያውን ሚቃቱ መቃረቡ ሲነገር አድርጉ፤ እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ መነየት ትችላላችሁ።