ጀበናውን ወደን እጁን የጠላን

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ የምሥራች አለኝ። በትርፍ ጊዜው መዝናኛ ብሎ የጀመረውን የሸክላ ሥራ ወደ ኢንተርኔት ንግድ ሊለውጠው ነው። በቴሌግራም ገጽ ከፍቷል፤ የጀበናዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለጥፏል፤ ገንዘቡን በቴሌብር ይቀበላል። ሥራውን ያየ ሁሉ «እጅህ ይባረክ፤ አርቲስት ነህ» እንደሚለውም በኩራት ነገረኝ። ደስ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ እሾህ ውስጤ ቀረ።

እኔ ያደግሁት በሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ነው። በገበያ ቀን ጀበናና ምጣድ፣ ድስትና እንስራ መሬት ላይ ደርድረው የሚሸጡ እናቶችን እያየሁ አደግሁ። ለእነርሱ «እጃችሁ ይባረክ» ሲባል ግን አልሰማሁም። ከልጅነቴ ያልጠፋኝ ሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴት ጀበናውን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ዋጋውን ታራክሳለች፤ ትገዛለች። ከዚያም የሸክላ ሠሪዋ ዓይን እንዳያርፍበት ያዘለችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጀበናውን ይዛ፣ ሕፃኑን ሸፍና ትሄዳለች። ሸክላ ሠሪዋ ይህን ሁሉ ታያለች፤ ምንም አትልም።

ያው ጭቃ፣ ያው እሳት፣ ያው ጀበና ሆኖ ሳለ አንዱን «አርቲስት»፣ ሌላዋን «ቡዳ» ያሰኘው ምንድን ነው?

የሥራ ጥራት እንዳይባል፣ የእርሷ ጥበብ ከማንም አያንስም። አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር ታውቃለች። ቆፍራ፣ ተሸክማ፣ ወቅጣና ነፍታ፣ ከደቀቀ ገል ጋር ለውሳ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ትገነባዋለች። በለስላሳ ጠጠር አሽታ ታወዛዋለች፤ በጥላ ታደርቀዋለች። በመጨረሻም ሙቀት መለኪያ በሌለበት፣ ሜዳ ላይ፣ በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች። እሳቱ ከቸኮለ የሳምንት ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረት ስለ ድህነቷ ብቻ የሚናገር አይመስለኝም፤ ደህናውን ሁሉ ለእኛ እንደምትሰጥም ይመሰክራል።

ልዩነቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ወዳጄ ዕውቀቱን ከፍሎ ተማረው፤ እርሷ ከእናቷ ወረሰችው። በአገራችን የተገዛው ዕውቀት ሲያስከብር የተወረሰው ያሰድባል። እርሱ ሥራውን ሲሰለቸው ይተወዋል። እርሷ ግን ሥራውን ብትተወውም ስሙ አይተዋትም። ለጋብቻ ዘር በተቆጠረ ቁጥር በልጅ ልጇ ላይ ሳይቀር ይነሣል። በእርሷ ድስት የተሠራውን ወጥ እንበላለን፤ በእርሷ ማዕድ ግን አንቀመጥም። ከዚህ የከፋ ግብዝነት ካለ አንባቢ ይንገረኝ!

ይህ ነውር ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። አፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው መሳደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ከአደባባይ ወደ ሹክሹክታ ወረደ እንጂ አልሞተም።

«ገበያ ሲሰፋ ንቀቱ በራሱ ይጠፋል» የሚሉኝ አሉ። ለእነርሱ መልሴ ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ናት። የወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሯቸውን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች የውጭ አገር ጎብኝዎች እየገዙ ወደየአገራቸው ወስደዋል። ዕቃው ባሕር ተሻገረ። ሠሪዎቹን «ቡዳ» የሚለው አፍ ግን በዚያ ሁሉ ሽያጭ አልተዘጋም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ዘመቻዎች ብዙኃኑ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ። ገበያ ዕቃን ይሸጣል፤ ክብርን ግን ሰው ካልሰጠ ገበያ አይሰጥም።

ሰው ሲሰጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ናይጄሪያ እንመልከት። ላዲ ክዋሊ እንደ መርሳ እናቶች በእጇ የምትገነባ የገጠር ሸክላ ሠሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1954 አቡጃ ወደነበረው የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች፤ ሥራዋ በገዛ ስሟ በአውሮፓና በአሜሪካ ታየ። ዛሬ የአገሯ የ20 ናይራ ኖት ምስሏን ከነማሰሮዋ ይዟል። እኛ ግን የአንዲት ሸክላ ሠሪ ስም ጥሩ ብንባል ስንቶቻችን እንመልሳለን? የጋን ውስጥ መብራት እንላለን፤ ጋኑን የሠራችውን ግን አንጠይቅም።

በኢንተርኔት መሸጡን አልቃወምም። የምቃወመው ሠሪዋን ደብቆ ሥራዋን ማሳየትን ነው። ፎቶግራፍ ጀበናውን ያሳያል፤ እጁን ቆርጦ ያስቀራል። ስልክ ያለው ሻጭ ስልክ ከሌላት ሠሪ በርካሽ ገዝቶ «የእኛ ምርት» ቢል ማን ይጠይቀዋል? ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በመንገድ የሚሰበረው ዕቃ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? ኢንተርኔቱም ራሱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ምን በላ? የመሬት ገበያው ግን ሰው ሲወጣ ይቆማል። ስለዚህ አዲሱ ገበያ በአሮጌው ላይ ይጨመር እንጂ አይተካው።

ለወዳጄና በወልድያም በመርሳም ይህንኑ ለሚያስቡ ወጣቶች የምለው ይህን ነው። ከሸክላ ሠሪዋ የምትማሩ ከሆነ እንደ መምህር ክፈሏት። ዕቃዋን የምትሸጡ ከሆነ፣ ከፈቀደች፣ ስሟንና መንደሯን ከሥዕሉ በታች ጻፉ፤ ከጀበናው ሥር የራሷን ምልክት ታኑር። በስንት እንደሸጣችሁ አትደብቋት። የተሰበረውን ኪሳራ እናንተ ተሸከሙ። ከሁሉ በላይ ግን ቤቷ ሄዳችሁ ቡናዋን ጠጡ፤ አቦሉን ብቻ ቀምሳችሁ አትነሡ፣ እስከ በረካው ቆዩ። ልጃችሁ ልጇን ቢወድ ዘር አትቁጠሩ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ሌላው ሁሉ እውነት መሆኑ የሚፈተነውም በእርሱ ነው።

ለወዳጄ መልሼ ደወልሁለትና ይህንኑ ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «ያስተማረችኝ ሴት ስሟ ማን እንደሆነ እኮ አልጠየቅኋትም» አለኝ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ አባቶቻችን። ጠጠሩ ያ ጥያቄ ነው፤ ሄዶ ይጠይቃት።