«እኔ» የሚለው ጥጃ

ሰው በዕድሜው አብዝቶ የሚናገረው ቃል የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፥ ሳላመነታ «እኔ» የሚለው ነው ብዬ እመልስለታለሁ። ይህንንም የምለው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በራሴ ከደረሰው ተምሬ ነው።

በቅርቡ በሰሌዳ ላይ የሒሳብ ጥያቄ እየሠራሁ ሳለ፥ ከኋላ ረድፍ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፥ በሦስተኛው መሥመር ላይ የመቀነስ ምልክቱ ቀርቷል» አለኝ። ዘወር ብዬ ብመለከት ልጁ ያለው እውነት ነው። እኔ ግን ምልክቱን በማስተካከል ፈንታ «የማስተምረው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ደወል ሲደወል ጠመኔውን ከእጄ አራግፌ ወጣሁ፤ ያን «እኔ» የሚል ቃል ግን ላራግፈው አልቻልሁም።

በዚያው ሰሞን ስለ ሕንዶች ሃይማኖት አነብ ነበርና፥ ለዚህ ደዌ ስም እንዳወጡለት አየሁ። በጥንታዊው በሳንስክሪት ቋንቋ «አሃንካራ» ይሉታል። «አሃም» እኔ፥ «ካራ» ደግሞ አድራጊ ማለት ስለ ሆነ፥ ቃሉ ሲፈታ «እኔን የሚሠራ» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ በእነርሱ አስተሳሰብ እኔነት እውነተኛው ነፍስ ሳይሆን፥ ሥራውንም ሀብቱንም ስሙንም «የእኔ ነው» እያለ የሚሰበስብ አንድ የአእምሮ ክፍል ነው።

ከዚህ የሚላቀቁበትን መንገድ ሊቃውንቶቻቸው በልዩ ልዩ ዓይነት አስተምረዋል። አንዳንዱ በዕውቀት ነው ይላል፤ አንዳንዱም ዋጋ ሳይጠብቁ በመሥራት ነው ይላል። በተራው ሕዝብ ዘንድ እጅግ የተወደደው ግን «ብሃክቲ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም አምላክን በፍጹም ፍቅር መውደድና ራስን ለእርሱ አሳልፎ መስጠት ነው። ይህ መንገድ ከ6ኛው ምዕት ዓመት ገደማ ጀምሮ በደቡብ ሕንድ፥ በታሚሎች አገር፥ በቅዱሳን መዘምራን አፍ ኃይል አግኝቶ፥ ኋላ ወደ ሌላው አገር ሁሉ ተዛመተ።

ከዚህ መንገድ መምህራን አንዱ በካልካታ አጠገብ በዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ ይኖር የነበረው ራማክሪሽና ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1836 ተወልዶ በ1886 አረፈ። ይህ ሰው ትምህርቱን በምሳሌ መናገር ይወድ ነበር። ከምሳሌዎቹም አንዱ የጥጃ ነው። እኛ ጥጃ «እምቧ» ይላል የምንለውን እነርሱ «ሐምባ» ብለው ይሰሙታል፤ «ሐም» ደግሞ በቋንቋቸው «እኔ» ለማለት የሚነገር ቃል ነው። ጥጃው «እኔ፥ እኔ» እያለ ያድጋል፤ ስለዚህም ቀንበር ይጫንበታል፤ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ኋላም ይታረዳል፤ ቆዳው ጫማና ከበሮ ይሆናል፤ ከበሮውም ይደበደባል። እንዲህም ሆኖ መከራው አያልቅም። በመጨረሻ አንጀቱ ተገምዶ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ጅማት ይሆንና፥ ነዳፊው ሲመታው «ቱሁ፥ ቱሁ» ይላል፤ ይኸውም «አንተ፥ አንተ» ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥጃው ያርፋል።

ምሳሌውን ባነበብሁ ጊዜ ሳቅሁ፤ ወዲያውም ሳቄ ጠፋ። አዲስ ወንበር የተሰጠው ጸሐፊ ባለጉዳዩን በር ላይ ሲያቆመው፥ አስተማሪውም የተማሪውን አፍ ሲያስይዝ፥ ያው ጥጃ «እምቧ» ማለቱ አይደለምን?

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ራስን አሳልፎ መስጠት» የሚለው ትምህርት ለጨካኝ አለቃና ለሐሰተኛ መምህር አይመችምን? በእውነትም በዚህ ቃል እያመካኙ ደቀ መዛሙርታቸውን የበዘበዙ ሰዎች አልጠፉም። መልሱን ግን ከፓንዳርፑር እናገኘዋለን።

ፓንዳርፑር በምዕራብ ሕንድ፥ በማሃራሽትራ፥ በቢማ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በያመቱ በክረምት መግቢያ በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ቪታል የሚባለውን አምላክ ለመሳለም ወደ እርሷ ይጓዛል። ከአላንዲና ከዴሁ የሚነሡት ወደ ሦስት ሳምንት ያህል በእግራቸው እየዘመሩ ይሄዳሉ። መንገደኞቹ ሲገናኙ አንዱ ጐንበስ ብሎ የሌላውን እግር ይነካል፤ ያም በተራው ጐንበስ ብሎ የእርሱን ይነካል። ሽማግሌው የወጣቱን፥ ባለጠጋውም የድኻውን እግር ይነካል፤ እርስ በርሳቸውም «ማውሊ» ይባባላሉ፤ ትርጕሙ «እናት» ማለት ነው።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። በ14ኛው ምዕት ዓመት የኖረው ቾካሜላ የዚሁ አምላክ ታላቅ ወዳጅና መዝሙር ደራሲ ሲሆን፥ «አይነኬ» ከሚባለው ወገን በመወለዱ ወደ ቤተ መቅደሱ እንዲገባ አልተፈቀደለትም። በቅጥር ሥራ ላይ ሳለ ግንብ ተደርምሶበት ሞተ፤ መታሰቢያውም የቆመለት ከመቅደሱ ደጅ ከደረጃው ግርጌ ነው። ስለ ትሕትና በሚዘመርበት ቤት ትዕቢት በረኛ ሆኖ መቆሙ እንዴት ያሳዝናል! ይህም ነገር ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። በመጨረሻም በ1947፥ ሳኔ ጉሩጂ የሚባል አንድ የቀድሞ የትምህርት ቤት አስተማሪ፥ በሩ ለሁሉ ካልተከፈተ አልበላም ብሎ ጾመ። በሩም ተከፈተ።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። ለአምላኩ ራሱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ለግፍ ራሱን አሳልፎ አይሰጥም። የሚጥለው ክብሩን ነው እንጂ ኅሊናውን አይደለም።

እኔም በማግሥቱ ወደ ክፍል ገብቼ የቀረውን ምልክት በሰሌዳው ላይ አስገባሁ፤ «ስሕተቴን ያረመኝ እርሱ ነው፤ ይቅርታ» ብዬም ልጁን በስሙ ጠራሁት። ነገር ግን፥ ውድ አንባቢዎቼ፥ የሰውን ልብ ተመልከቱ! ከክፍል ስወጣ «ከእኔ በቀር ይቅርታ የሚጠይቅ አስተማሪ ማን አለ?» እያልሁ ስኮራ ራሴን አገኘሁት። እኔነት እንደ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ቆረጥሁት ሲሉ በጉቶው ዙሪያ ያቈጠቍጣል። ራማክሪሽናም ይህን ስለሚያውቅ፥ «እኔ» ጨርሶ አልሄድ ካለ የአምላክ አገልጋይ ሆኖ ይቀመጥ ብሎ ይመክር ነበር። የፓንዳርፑርም መንገደኞች አንድ ጊዜ ጐንበስ ብለው አይተዉትም፤ በየዓመቱ ይመለሳሉ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጁን አላነሣም። አንድ ቃል የዘጋውን በር አንድ ይቅርታ ወዲያው አይከፍተውም። ባለፈው ዓርብ ግን ቀስ ብሎ እጁን አነሣ፤ ድምሩን ተሳስቼ ኖሯል። «እምቧ» የሚለው ድምፅ እስከ ጕሮሮዬ መጣ፤ ዋጥሁትና ጠመኔውን ለእርሱ ሰጠሁት።