«እንመለስ» ማለትን እናቅልል

ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት ካሊፎርኒያ ውስጥ የደረሰውን የሄሊኮፕተር አደጋ ያልሰማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ኮቢ ብራያንት የ13 ዓመት ልጁን ጂያናን ይዞ ወደ ቅርጫት ኳስ ውድድሯ እየሄደ ነበር። አብረዋቸው ሌሎች ልጆችና ወላጆች ነበሩ። አብራሪውን ጨምሮ ዘጠኙም ሰዎች ሞቱ።

እኔ ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከአንድ ዓመት በኋላ ያወጣውን ውጤት ነው፤ ለየቤታችን የሚሆን ነገር ስላለው።

ቦርዱ የሞተር ብልሽት አላገኘም። አብራሪውም ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ኩባንያው የተፈቀደለት ግን መሬትና አድማስ በዓይን እየታዩ የሚደረግ በረራ ብቻ ነው። ያን ጧት ጉሙ ከብዶ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ እንኳ ሄሊኮፕተሮቹን አላስነሣም። አብራሪው ጉም ውስጥ ገባ። ወደ 4 ሺህ ጫማ እየወጣ መሆኑን ለተቆጣጣሪዎች ሲናገር፣ ሄሊኮፕተሩ ወደ ግራ እየታጠፈ ቁልቁል ይወርድ ነበር።

አልዋሸም። ሰውነቱ ነው የዋሸው። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ሚዛናችንን የሚጠብቅ ፈሳሽ አለ። ዓይን የሚያየው ካጣና መታጠፉ ጥቂት ሰከንዶች ከቀጠለ፣ ፈሳሹ ይረጋጋና ቀጥ ብለን የምንሄድ ይመስለናል። ልጆቻችን ተሽከርክረው ሲቆሙ ቤቱ የሚዞርባቸው በዚሁ ፈሳሽ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 አብራሪዎችን ዓይናቸው ውጭውን እንዳያይ አድርጎ ፈተነ። ሁሉም መቆጣጠር ተሳናቸው፤ በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ለምን ቀጠለ? ቦርዱ ኮቢም ሆነ ኩባንያው አብራሪውን እንዳስገደዱት ማስረጃ አላገኘም። ኩባንያውን የወቀሰው በደኅንነት ቁጥጥሩ መላላት ነው። አብራሪው ግን ደንበኛውን ላለማጉላላት ራሱን በራሱ ሳይገፋ እንዳልቀረ፣ መድረሻውም በቀረበ ቁጥር የጀመረውን መተው እንደከበደው ገለጸ። ማንም «ሂድ» ሳይለው ሄደ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ሄሊኮፕተር ሜዳ ካገኘ የሚያርፍ መሆኑ ነው፤ በአቅራቢያውም ቫን ናይስ አየር ማረፊያ ነበር።

ጠንቃቃ አብራሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ውሳኔውን ጉሙ ውስጥ ሆነው አይወስኑም። ሳይነሡ በፊት ወሰን ያስቀምጣሉ፦ ከዚህ ከፍታ በታች ከወረድሁ፣ ወይም ፍጥነቴን ከዚህ በታች መቀነስ ካስፈለገኝ፣ እመለሳለሁ ወይም አርፋለሁ። ወሰኑ ሲደርስ ከራሳቸው ጋር ክርክር የለም።

የእኛ ቤተሰብ በሄሊኮፕተር አይሄድም። በክረምት ግን ጣርማ በርን በጉም የሚሻገር ልጅ፣ ወንድም ወይም አማች የሌለው ማን ነው? ምሳው ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «የት ደረሳችሁ?» ብለን ስንደውል ክፋት አስበን አይደለም። መሪውን ለያዘው ሰው ግን እያንዳንዱ ጥሪ ግፊት ነው።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። መኪናው ሳይነሣ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ ለሚነዳው ሰው «ጉሙ ከከፋ ደብረ ሲና እደሩ፤ ማንም አይቀየማችሁም» በሉት። ምን ሲሆን እንደሚቆም ራሱ ይናገር፤ ለምሳሌ ከፊቱ ያለው መኪና ካልታየው። መንገድ ላይ ሳለ አትደውሉ፤ ሲቆም እሱ ይደውል። አያቶች ደግሞ ትልቅ ሥልጣን አላችሁ፤ «እኔ ነገም እጠብቃችኋለሁ» የሚለው ቃል ከእናንተ አፍ ሲወጣ የሁሉንም ትከሻ ያቀላል።

ከመቅረት መዘግየት ይሻላል እንላለን። ዘግይቶ የመጣውን ግን በር ላይ «ምነው ቆያችሁ?» እያልን እንቀበለዋለን። ከዛሬ ጀምሮ «እንኳን ቆማችሁ» ብንለው፣ በሚቀጥለው ጉም መቆሙ ይቀልለዋል።