ሥጋ ሲወደድ ገበታችን እንዴት ይሁን?

በከብት አገር ተቀምጦ ሥጋ ተወደደብን ማለት ለሰሚው የሚያስገርም ነገር ይመስላል። በነገሌ ቦረና የገበያ ቀን ከሊበን ሜዳ የሚነዳውን ከብት ያየ፣ በያቤሎ አካባቢ በሀሮ በቄና በዱብሉቅ የሚቆመውን መንጋ የተመለከተ ሰው፣ የዚህ አገር እመቤት ስለ ወጥዋ ትጨነቃለች ብሎ አይገምትም። ነገር ግን ከብት የበዛበት ገበያ ሁሉ ሥጋ የሚረክስበት ገበያ አይደለም። ከብቱ አንዱ ወደ ሞያሌ ይነዳል፣ ሌላው በመኪና ተጭኖ ወደ አዳማ ማድለቢያ ይሄዳል፤ በጉና ፍየሉም በሞጆና በቢሾፍቱ ቄራዎች እየታረደ ወደ ዐረብ አገሮች ይላካል። ስለዚህ የነገሌው ባለ ልኳንዳ ሰንጋ ለመግዛት በወጣ ጊዜ የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ባለ ልኳንዳ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ፊቱን አይቶት ከማያውቀው ከባሕር ማዶ ገዢ ጋር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ በውጭ ገንዘብ የሚሸጠው ከብት በብር ሲቈጠር ዋጋው ከፍ ማለቱ የማይቀር ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በቦረናና በአጎራባቹ ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የበልጉም የሐጋያውም ዝናብ ቀረ፤ ኩሬው ደረቀ፤ የከብቱ ሬሳ በየመንገዱ ዳር ተከመረ። በዚያን ጊዜ አርብቶ አደሩ የከሳ ላሙን በማንኛውም ዋጋ ይሸጥ ስለ ነበር፣ የሥጋ መርከስ የጥፋቱ ምልክት ነበረ። ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ ግን የተረፈችውን ጊደር ለዘር ይይዛታል እንጂ ለገበያ አያወጣትም። የቦረና ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን እስክትወልድ አራት ዓመት ያህል ይፈጅባታል። እንግዲህ ያለቀ መንጋ በአንድ ክረምት አይተካምና፣ ባለ ልኳንዳውን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ ኦርቶዶክሳውያን ያለ ሥጋ መብላትን ከማንም መማር የሚያስፈልገን አይደለንም። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ነነዌን፣ ረቡዕንና ዓርብን አንድ ላይ ብንቈጥር፣ ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉን ሥጋና ወተት ሳንቀምስ እናሳልፋለን። ችግሩ ያለው በቀረው እኩሌታ ነው። በተለይም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም፣ ብዙ ቤት በዓሉን በብድር ይጀምርና ዕዳውን እስከ ሰኔ ይከፍላል። ለልጆች ደብተር የተቀመጠው ገንዘብ በአንድ ቅርጫ ሲያልቅ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ልንናገር እንወዳለን። በፍስክ ቀን ሥጋ ስለ ተወደደ ሽሮ መብላት ጾም አይደለም፤ የቤት አስተዳደር ነው። ስለዚህ እንደ ጽድቅ አንቈጥረውም፤ ይልቁንም እንደ ውርደት ልንቈጥረው አይገባንም። በቆላ ከተሞቻችን እንግዳ በመጣ ቊጥር «ሽሮ አቅርባ ላከችኝ» እንዳይባል ብቻ ብላ እመቤቲቱ ግማሽ ኪሎ ሥጋ በዱቤ የምታስመጣበት ልማድ አለ። የምግብ ክብሩ ግን ሥጋ በመግባቱ ሳይሆን በአሠራሩ ነው። ለነገሩ ነገሌ ይህን ለአገር ሁሉ ያሳወቀች ከተማ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የነበሩ ወታደሮች ስለ ምግባቸው ብልሹነትና ስለ ውሃ ባመፁ ጊዜ፣ ነገሩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነርሱ ከሚበሉት እንዲበሉ አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ ዓመት የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በግዴለሽነት የተሠራ ምግብ ቤትንም ሠራዊትንም ያስኮርፋል፤ በጥንቃቄ የተሠራ የጥራጥሬ ወጥ ግን ማንንም አላሳፈረም።

ከጥራጥሬ ሁሉ ለደቡብ ቆላ የሚቀርበው ቦሎቄ ነው። ምስርና ሽምብራ ከሩቅ ደጋ ስለሚመጣ የመኪናው ኪራይ ዋጋውን ይጨምርበታል፤ ቦሎቄ ግን በአካባቢው ይበቅላል። አንድ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ በውስጡ ያለው ገንቢ ምግብ ከአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ አያንስም፤ ሲበስልም ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ብዙ ሰዎች «ሆድ ይነፋል፣ ከሰልም ይጨርሳል» እያሉ ይጠሉታል። ይህ የአሠራር ጉድለት ነው። ማታ ተለቅሞና ታጥቦ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ይደር። ጧት ያ ውሃ ይደፋና በአዲስ ውሃ ይጣድ፤ በመጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ቢያንስ ዐሥር ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከዚያ እሳቱ ቀንሶ እስኪለሰልስ ይቀቀል። ይልቁንም ቀዩ ቦሎቄ በጥሬነቱ ወይም በግማሽ ብስሉ ቢበላ የሚያስመልስና ሆድ የሚያውክ ነገር ስላለበት፣ «ጥርስ ይይዘዋል» ብሎ ማውጣት አይገባም። ቲማቲምና ሎሚ ቀድመው ከገቡበት ቦሎቄው ደርቆ ይቀራል፤ ስለዚህ ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ይጨመሩ። የተቀቀለው እንደ ቀይ ምስር ወጥ በደንብ በተቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ ሲሠራ፣ መረቁ ራሱ ይወፍራል። ከበቆሎ ጋር ንፍሮ ቢሆን ደግሞ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላልና፣ በጸሎተ ሐሙስ ስንዴንና ባቄላን አንድ ላይ ቀቅለው ጉልባን የሚያቀርቡ እናቶቻችን ሳይንሱን ሳይማሩ ሥራውን ያውቁት ነበር።

እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብ ነገር ለሚፈልግ ቤት የሽምብራ ዓሣን እናስታውሳለን። የሽምብራ ዱቄት በጨው፣ በጥቂት ዘይት፣ በደቀቀ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት በትንሽ ውሃ ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል፤ በዓሣ መልክ ተድበልብሎ በዘይት ይጠበሳል። ከዚያ በተቁላላ በርበሬ መረቅ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሲንተከተክ፣ ቅመሙን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ዘይቱ ውድ ነው የሚሉ በምጣድ ጠብሰው ማውጣት ይችላሉ፤ ጣዕሙ ጥቂት ቢቀንስም መልኩ አይበላሽም። የቀረበለት እንግዳ ሥጋ አለመኖሩን ሳያስታውስ የሚነሣበት ወጥ ይህ ነው እንላለን።

በጓሮው ስፍራ ያለው ሰው ሽፈራውን ይትከል። የኮንሶና የደራሼ ሰዎች ቅጠሉን ከኩርኩፋ ጋር የሚበሉት ከጥንት ነው፤ ዛፉ ድርቅን የሚችል ሲሆን ጎመን በሚጠፋበት በበጋ እንኳ ቅጠል ይሰጣል። ከደጋው ከቦሬና ከሀገረ ሰላም ወገን የሚወርደው ቆጮም እንጀራን ያግዛል፤ ነገር ግን ብቻውን ገንቢ ምግብ አይደለምና ከቦሎቄ ወይም ከአይብ ጋር ይበላ።

አሁን ስለ ጥራጥሬ ያመሰገንነው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የማይሰጠውን ደግሞ መናገር ይገባናል። በሥጋ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ ይቀበለዋል፤ በጥራጥሬና በጎመን ያለውን ግን በጭንቅ ነው። ሎሚ ወይም ቃሪያ አብሮ ሲበላ ይረዳል፤ ከምሳ ቀጥሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያሰናክለዋል። የቡናን ሥርዓት ማንም ይቅር አይልም፤ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ቢቈይ ግን ቡናውም አይጎድል፣ ደሙም አይጎዳ። ደግሞ ቪታሚን ቢ 12 የሚባለው ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ነገር በጥራጥሬ ውስጥ ፈጽሞ የለም፤ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣና ከሥጋ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ሥጋ የሚቀንስ ቤት በፍስክ ቀን ወተትንና እንቁላልን እንዲቀንስ አንመክርም። በቤቱ አንድ እንቁላል ብቻ ቢኖር የማን ነው? በብዙ ቤት ለአባት ይቀርባል። እኛ ግን የሕፃኑና የነፍሰ ጡሯ ነው እንላለን፤ አባትም ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው አይመስለንም። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለሕመምተኛ የጾሙ ነገር እንዴት እንደሚሆን የንስሐ አባትን መጠየቅ እንጂ በራስ ፈቃድ ሰውነትን መጉዳት አያስፈልግም።

ሥጋ በተገዛ ጊዜስ? ቅርጫ ከልኳንዳ ይረክሳል፤ ነገር ግን ማኅበርተኞቹ ገንዘቡን በየወሩ ጥቂት በጥቂት ካላስቀመጡት፣ የበዓል ዋዜማ ብድር መሆኑ አይቀርም። ዕጣ ወጥቶ መደቡ ቤት ሲገባ ሁሉን በሦስት ቀን መጨረስ ልማዳችን ነው። በቆላው ደረቅ አየር ቋንጣ ቶሎ ይደርቃልና፣ ከመደቡ ሲሶውን በጨውና በበርበሬ አሽቶ መስቀል ይሻላል። ከዚያ አንድ እፍኝ ቋንጣ ቦዘና ሽሮ ውስጥ ሲገባ ለስድስት ሰው ይበቃል። አጥንቱም ለውሻ ከመጣሉ በፊት ቢቀቀል መረቁ ለድንች ወጥ ይሆናል።

በእነዚህ ከተሞች ሌላም ነገር አለ። ርካሹ የግመል ሥጋ በእኛ ዘንድ አይበላም፤ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን እጅ የታረደውንም አንበላም፣ እነርሱም የእኛን አይበሉም። በነገሌና በሞያሌ ግን በአንድ ግቢ አብረን እንኖራለን፤ ልጆቻችን አብረው ያድጋሉ፤ በልቅሶም በሠርግም አንለያይም። ሥጋ የሌለበት ገበታ ሁለቱም እጃቸውን የሚዘረጉበት ገበታ ነው። በፋሲካ ቀን እንኳ ለእነርሱ የሚሆን አንድ ድስት ምስርና አንድ ድስት ቦሎቄ ለብቻ ይሠራ፤ ማማሰያውም ከሥጋው ወጥ የተለየ ይሁን፤ ይህንንም ሲቀርብ በግልጽ መንገር ተገቢ ነው፤ የሚበላው ሰው ሳይጠራጠር እንዲበላ።