አንድ ተአምር የጎደላቸው አባ ማስያስ

አባ ማስያስ አንድ ተአምር ጎድሏቸዋል።

በአገራቸው ጉልዬልሞ ማሳያ የሚባሉት እኚህ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ካፋ የገቡት በ1859 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1861 ተባረሩ። ከዚያ በፊት በኦሮሞ አገሮች፣ ከዚያ በኋላ በሸዋ ኖረው በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከኢትዮጵያ ወጡ። ካርዲናል ተሹመው፣ ትዝታቸውን 12 ቅጽ በሚሞላ መጽሐፍ ጽፈው በ1889 አረፉ። ቫቲካን ሕይወታቸውን አስመርምራ በ2016 «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። ቀጣዩ ደረጃ ብፅዕና ነው። ለእሱ ደግሞ ከሞቱ በኋላ በአማላጅነታቸው የተደረገ፣ ተመርምሮ የጸና አንድ ተአምር ይፈለጋል።

የሚገርመኝ ይህ ነው። አባ ማስያስ በሕይወት ሳሉ ሕዝቡን ፈንጣጣ ሲከትቡ ኖረዋል፤ ስማቸውን ከቤተ መንግሥት እስከ ገጠር ያስጠራው ከስብከታቸው ይልቅ ክትባቱ ነው ማለት ይቻላል። በክትባቱ የተረፈ ሕፃን ግን ለመዝገባቸው ተአምር ሆኖ አይቆጠርም። በመድኃኒት ነዋ የተረፈው!

እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። በእኛ በሚዛን፣ በቴፒና በቦንጋ በኩል ካቶሊኮች ጥቂት ናቸው፤ በጅማ ቦንጋ ቪካሪያት ሥር ይተዳደራሉ። ግን ይህን አሠራራቸውን ካወቅሁት ወዲህ እቀናበታለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳንኩ የሚል ሰው ሲገኝ በአካባቢው ጳጳስ ሥር የሚቋቋም ሸንጎ ምስክሮችን በመሐላ ይሰማል፤ የሐኪም ወረቀት ይሰበስባል። መዝገቡ ወደ ሮም ይሄድና ሰባት ሐኪሞች ይቀመጡበታል። «ተአምር ነው ወይ?» ተብለው አይጠየቁም። የሚጠየቁት ፈውሱን ዛሬ ባለው የሕክምና እውቀት ማስረዳት ይቻል እንደሆነ ነው። በ2016 በወጣው ደንብ ከሰባቱ አምስቱ «አይቻልም» ካላሉ ነገሩ ወደፊት አይሄድም። ካለፈ በኋላ ነው የሃይማኖት ሊቃውንቱ፣ ቀጥሎ ካርዲናሎቹ፣ በመጨረሻ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የሚያዩት።

መመዘኛውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉት ፕሮስፔሮ ላምበርቲኒ ናቸው፤ በኋላ ቤኔዲክቶስ 14ኛ ተብለው የነገሡት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሳይሆኑ በፊት ለ20 ዓመት ገደማ የቅድስና ጥያቄዎችን የመሞገት ሹመት ነበራቸው። ሕዝቡ «የሰይጣን ጠበቃ» ይለው የነበረው ሹመት ነው። (ይህ ሥልጣን በ1983ቱ ማሻሻያ ጥርሱን አጥቷል፤ እኔ ባይነካ እመርጥ ነበር።) ሰውዬው ብዙ ሰምተው፣ ብዙ ጥለው ነው የጻፉት። በሽታው ከባድ ይሁን፤ በራሱ ጊዜ ሊበርድ የተቃረበ አይሁን፤ መድኃኒት ያልተወሰደበት ወይም የተወሰደው ያልሠራ ይሁን፤ ፈውሱ ድንገት የመጣ፣ ሙሉና የማይመለስ ይሁን።

ይህን ሚዛን ይዛችሁ ወደ ቴፒ ወይም ወደ በበቃ ውረዱ። በቡናው መሬት በብዛት የሚያስተኛን ወባ ነው። ወባ ደግሞ ልማዷ ይታወቃል፤ ታንቀጠቅጥና ታተኩሳለች፣ ታልብና ትለቃለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ላብ ሲጠምቀው የተጸለየለት ሰው ተነሥቶ ቢቀመጥ ቤተሰቡ እልል ይላል። ላምበርቲኒ ግን ከሁለት መቶ ምናምን ዓመት በፊት «ሊበርድ የተቃረበ አይሁን» ብለው ጽፈዋል። ደግሞስ የእኛ በሽተኛ መቼ በአንድ ነገር ብቻ ይታከማል? ጠዋት ጤና ጣቢያ የተሰጠውን ክኒን ይውጣል፣ ማታ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይበላል፣ በማግሥቱ ጸበል ይጠመቃል፣ ጎረቤቱ ያለው ፓስተር እጅ ይጭንበታል። ሲድን አራቱም ወገን የእኔ ነው ይላል። መርማሪ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርዱን ነው፤ ካርዱ ከተገኘ!

በዚህ የተነሳ አንድ ሰው ሕጉ ለድሃ አገር አልተሠራም ቢለኝ አልቆጣም። ሕመምተኞች ፈውስ ፍለጋ የሚሳለሟት የፈረንሳይዋ ከተማ ሉርድ የሕክምና ቢሮ ያቆመችው በ1883 ነው፤ ከ7,000 በላይ የፈውስ ጥያቄ ቀርቦላት ተአምር ተብሎ የታወጀው 80 እንኳ አይሞላም። ቢሮና መዝገብ ያላት ከተማ እንዲህ ከጠበባት ለጫካው ምን ይተርፈዋል?

ሆኖም ጫካውም ደርሶታል። ጁሴፔ አላማኖ የተባሉት የቱሪን ካህን የኮንሶላታን የሚስዮናውያን ማኅበር ሲመሠርቱ ልባቸው የነበረው አባ ማስያስ በሠሩበት አገር ነው። መንገዱ ስላልተከፈተ ሰዎቻቸው በ1902 ኬንያ ገቡ፤ የካፋ ግዛት ለማኅበሩ የተሰጠው በ1913 ነው። እኚህ አላማኖ በ2024 ቅዱስ ተብለዋል። ተአምሩ የተገኘው በብራዚል አማዞን ነው። ሶሪኖ የሚባል የያኖማሚ ጎሣ ሰው በ1996 ጃጓር፣ ማለት የዚያ አገር ነብር፣ የራስ ቅሉን ከፍቶት ወደ ቦአ ቪስታ ሆስፒታል ተወሰደ። የኮንሶላታ መነኮሳት የአላማኖን ቅርስ ከራስጌው አኑረው ጸለዩ፤ ሰውየው ድኖ ወደ ጫካው ተመለሰ። መርማሪዎቹ ቦታው ድረስ ሄደው ምስክር የሰሙት ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ የዚሁ ማኅበር እኅት ኢሬኔ ስቴፋኒ በ2015 በኬንያ ንዬሪ ላይ ብፅዕት ስትባል የቀረበው ማስረጃ ከሞዛምቢክ የመጣ ነው፤ በ1989 በጦርነት ተከበው ኒፔፔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የታጎሩ ሰዎች በጥምቀት ገንዳው ትንሽ ውኃ ጥማቸውን መቁረጣቸው ነው። ሁለቱም ከገጠር፣ ሁለቱም ከድሃ። ልዩነቱ ያየውን በቀኑና በቦታው የመዘገበ ሰው መኖሩ ነው።

የእኛው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም ገና ይጠብቃሉ። የጎጃሙ ሊቅ በ1855 በእስር ሰንሰለት ውስጥ ሞቱ፤ ሰማዕት ስለሆኑ በ1926 ያለ ተአምር ብፁዕ ተባሉ። ለቅድስና ግን በሕጉ አንድ ያስፈልጋቸዋል። ብፁዕ ከተባሉ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ያስተማሯቸው አቡነ ያዕቆብ፣ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በ1975 ቀድመዋቸዋል።

እግዚአብሔርን መመርመር ድፍረት ነው የሚለኝ አይጠፋም። ከልጅነታችን ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆመን ሰምተናል፤ ማንም «ምስክሩ ማነው?» አላለም፣ እኔም አልልም። ሮም የምትመረምረው ግን እግዚአብሔርን አይደለም፤ ባለ ወሬውን ነው። ራእይ አየሁ በሚለው ላይማ ትብሳለች። በሩዋንዳ ኪቤሆ የትምህርት ቤት ልጆች በ1981 ማርያምን አየን አሉ፤ ጳጳሱ የሐኪሞችና የሃይማኖት ሊቃውንት ሁለት ኮሚሽን አቆሙ። አየሁ የሚለው በዛ። ፍርዱ የተሰጠው በ2001 ነው፤ የሦስት ልጃገረዶች ቃል ብቻ ተቀባይነት አገኘ። በግንቦት 2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ከዚህም ቆጥቧል፤ ጳጳሱ ነገሩ ከሰማይ ነው ብሎ ማወጁ ቀርቶ የሚሰጠው ከፍተኛው ፈቃድ «የሚያግድ ነገር የለም» የሚል ሆኗል።

በእኛ ከተማ ደግሞ ዳንኩ ያለ ሰው በዚያው ሰዓት ማይክ ይያዝለታል፣ በስልክ ይቀረጻል፣ ሳይመሽ ሺህ ሰው ይቀባበለዋል። በሦስተኛው ወር ሰውየው እንዴት ሆነ ብሎ ቤቱ የሚሄድ የለም። እኔ የምጠይቀው ሮም የምታደርገውን ሁሉ አይደለም። ሰባት ሐኪም ይቅር፤ ማይኩን የሰጠው ሰው ተመልሶ የበሽተኛውን በር ያንኳኳ። ተኝቶ ካገኘውም ያንኑ በማይክ ይናገር።