ሲያጌጡ ይመላለጡ፦ የራያ ልጃገረድና የሚያቀላው ክሬም

የፍልሰታ ጾም ተፈቶ ነሐሴ 16 ሲገባ ራያ ቆቦ የልጃገረዶች ይሆናል። በዓሉ ሶለል ይባላል፤ ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ ይለዋል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ከበሮ ይዘው ይጨፍራሉ። በእነዚያ ቀናት የቴሌቪዥን ካሜራ ወደ ሰሜን ወሎ ይወርዳል። አቅራቢውም "ቆነጃጅት" እያለ ያሞግሳቸዋል።

ችግሩ የሚመጣው ካሜራው ሲመለስ ነው። በዓሉ አልፎ ማስታወቂያው ሲቀጥል የምትታየው ሴት ሌላ ናት። ሳሙናም ይሁን አፓርታማ የምታስተዋውቀው ወጣት በአብዛኛው ቀይ ናት፤ ፀጉሯ የተለቀቀ ወይም ሂውማን ሄር የተቀጠለበት፣ ፊቷም በፊልተር የለሰለሰ ነው። የራያዋ ጠይም ልጅ ለባህል ፕሮግራም ትፈለጋለች፤ ዕቃ ለማስተዋወቅ ግን አትፈለግም። ማንም በቃል ባይናገረውም መልእክቱ ይገባታል፦ ለነሐሴ ቆንጆ ነሽ፣ ለቀረው ዓመት ግን መስተካከል አለብሽ።

"ማስተካከያው" ደግሞ በገንዘብ ይሸጣል። ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ለቲክቶክና ለቴሌግራም ግን ርቀት የለም። ማድያት እንደሚያጠፉና በአጭር ጊዜ እንደሚያቀሉ የሚነገርላቸው ክሬሞች ስልክ የያዘች ልጅ ሁሉ ዘንድ ይደርሳሉ።

ቀይ መውደድን ማስታወቂያ አላመጣውም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከማስታወቂያ በፊትም ነበረ። የዱሮውም መለኪያ ቢሆን ያለ ሕመም አልነበረም፤ በእሾህና በመርፌ የተነቀሱ እናቶች ድድና አንገት ምስክር ነው። ነገር ግን ጠይምን የሚያወድስ ዘፈንም ሞልቶ ነበር። የዱሮው ጌጥ ማብቂያም ነበረው። ቅቤው ከጓዳ ይወጣል፣ ሹሩባውን ጎረቤት ትሠራለች፣ አለቀ። የማስታወቂያው መለኪያ ግን ማብቂያ የለውም። ገዢዋ "በቃኝ፣ እንዲህ ሆኜ ቆንጆ ነኝ" ያለች ቀን ሻጩ ይከስራል። ስለዚህ ዛሬ ፊት፣ ነገ ክንድ፣ ከነገ ወዲያ ጉልበት "ይጠቁርባታል"።

ነገሩ የመልክ ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበ። በዓለም ዙሪያ በማቅያ ክሬሞች ውስጥ በተደጋጋሚ የተገኙት ሦስት ነገሮች ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪና ጠንካራ ስቴሮይድ ናቸው። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ሲያቆሙት ፊት ይቆጣል፣ ስለዚህ ተጠቃሚዋ መልሳ ትቀባዋለች። ሃይድሮኪኖን ከፀሐይ ጋር ሲቆይ ቆዳው ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ሊያወጣ ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንስ ያልፋል። "ሲያጌጡ ይመላለጡ" ያለው ሰው ይህን ክሬም ሳያየው አልቀረም ያሰኛል።

አሁን ይህን ወደ ቆላው ይዘን እንውረድ። የራያ ሴት ውሎ ጥላ ውስጥ አይደለም። ማሽላና ጤፍ ማሳ ላይ ናት፣ ገበያ መንገድ ላይ ናት። ጠይምነቷ ከዚያ ፀሐይ የሚከላከላት ጋሻ ነው። ክሬሙ የሚገፍፈው ይህንን ጋሻ ነው። የክሬሙ ሞዴል የምትቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ሜዳ ላይ የምትውለው ናት።

ሌሎች ዝም አላሉም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2018 ማብቂያ ጀምሮ እነዚህን ክሬሞች ከሱቅ ስትሰበስብ ታይታለች። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ሁሉ እንዲቀር ተስማምተዋል። ዩኒሊቨር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 "ፌር ኤንድ ላቭሊ" ከሚለው ስም ላይ "ፌር" የሚለውን ቃል ለማንሳት ተገዷል። ክሬሙ ግን በአዲስ ስም ገበያ ላይ ቀርቷል፤ ስም መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይደለም።

እኛም ሕግ አላጣንም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የጾታ እኩልነትን የሚጥስና የሴቶችን ክብር የማይጠብቅ ማስታወቂያን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የውበት መጠበቂያን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አስገብቷል። የጎደለው ሕጉን ከቢሮ አውጥቶ ቆቦ ሱቅ መደርደሪያና ስልክ ስክሪን ላይ ማድረስ ነው።

ከዚህም ሦስት ነገር ይጠበቃል። ባለሥልጣኑ ይዘቱ ያልተጻፈበትን ክሬም ከገበያ ያንሳ። ጣቢያዎችና የቲክቶክ ታዋቂዎች "ያቀላል" የሚል ማስታወቂያ አንቀበልም ይበሉ። በነሐሴ የራያን ልጅ የሚያሞግስ ሚዲያም በጥቅምትና በጥር ማስታወቂያው ላይ ያስገባት፤ በሹሩባዋ፣ በጠይም ፊቷ፣ እንዳለች። ቆንጆ ናት ካልን ዓመቱን ሙሉ ነው።